የአካባቢ ምክር ቤት ግብር በማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

ግብር የቁጥር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመደብ ጉዳይም ነው። አንድ አስተዳደር ከማን ስንት እንደሚሰበስብና የሰበሰበውን ለማን እንደሚያውል በግልጽ የተመለከተ ሰው፣ ያ አስተዳደር ለየትኛው የኅብረተሰብ ክፍል እንደቆመ ለመረዳት ብዙ ንግግር ማዳመጥ አያስፈልገውም። ማርክስና ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1848 ባወጡት የኮሙኒስት ማኒፌስቶ ውስጥ ከዘረዘሯቸው አሥር እርምጃዎች አንዱ በገቢ መጠን እያደገ የሚሄድ ከባድ ግብር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። የጋራ አገልግሎቱን ወጪ የሚሸከመው ያለው ነው ወይስ የሌለው? መሠረታዊው ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄውን ለመመርመር የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤት ግብር ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። እንግሊዝ የከበርቴው ሥርዓት ቀድሞ ከጎለበተባቸው አገሮች አንዷ ከመሆኗም በላይ፣ በዚሁ ግብር ዙሪያ ግልጽ የመደብ ትግል የተካሄደባት አገር ናትና።

ከፖፕላር እስከ ትራፋልጋር አደባባይ

እ.ኤ.አ. በ1921 በምሥራቅ ለንደን የወደብ ሠራተኞች በሚኖሩበት በፖፕላር ሥራ አጥነት ተስፋፍቶ ነበር። በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የለንደን ወረዳ የራሱን ድሆች የሚረዳው ከራሱ ነዋሪዎች በሚሰበስበው ግብር ነበር። በመሆኑም ድሃ የበዛበት ወረዳ ከፍተኛ ግብር ሲጥል፣ የባለጸጎች መኖሪያ የሆነው ወረዳ ግን የሚረዳው ድሃ ጥቂት በመሆኑ ቀላል ግብር ይከፍል ነበር። በሌላ አነጋገር ድሃው ድሃውን እንዲጦር፣ ሀብታሙ ደግሞ ከግዴታው ነጻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር።

በጆርጅ ላንስበሪ የሚመሩት የፖፕላር ምክር ቤት አባላት ለለንደን አጠቃላይ አስተዳደርና ለሌሎች አካላት የሚተላለፈውን መዋጮ ከነዋሪው አንሰበስብም አሉ። ፍርድ ቤት ቀርበውም አቋማቸውን ባለመለወጣቸው ሠላሳ ያህሉ ወህኒ ወረዱ፤ ሴቶችም ይገኙባቸዋል። የምክር ቤቱ ስብሰባ ሳይቀር በእስር ቤት ውስጥ ተካሄደ። ከስድስት ሳምንታት ገደማ በኋላ ሲለቀቁ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ለድሆች የሚሰጠው ርዳታ ወጪ በሀብታምና በድሃ ወረዳዎች መካከል እንዲከፋፈል አደረገ። ከታሰሩት መካከል አንዷ የነበረችው ሚኒ ላንስበሪ ግን በ1922 መጀመሪያ ላይ ሕይወቷ አለፈ።

ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ሂደቱን ወደ ኋላ ለመመለስ ሞከረ። በቤት የኪራይ ግምት ላይ የተመሠረተው የቀድሞ ግብር ተሽሮ፣ በ1989 በስኮትላንድ፣ በ1990 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ የነፍስ ወከፍ ግብር ተተካ። በአንድ ምክር ቤት ክልል የሚኖር ባለ ሰፊ ርስት መስፍንና ባለ አንዲት ክፍል የመንገድ ጠራጊ እኩል ሂሳብ ተጻፈላቸው። ለድሆች ቅናሽ አለ ቢባልም አብዛኞቹ ቢያንስ ከመቶ 20 እጁን እንዲከፍሉ ተገደዱ። ሰፊው ሕዝብ በብዙ አካባቢዎች አንከፍልም በማለት ተነሣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1990 በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ታላቅ የተቃውሞ ሰልፍ ተካሂዶ ከፖሊስ ጋር ብርቱ ግጭት ተፈጠረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ታቸር ሥልጣን ለቀቁ።

የመንግሥቱ ማፈግፈግ ግን የራሱ ስልት ነበረው። በ1991 የነፍስ ወከፉ ግብር በሰው 140 ፓውንድ ሲቀነስ፣ ጉድለቱን ለመሸፈን በዕቃና በአገልግሎት ላይ የሚጣለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15 ወደ 17.5 ከፍ አለ። ሠርቶ አደሩ በአንድ እጁ የተመለሰለትን ገንዘብ በሌላ እጁ በገበያ ላይ ከፈለ ማለት ነው።

የዛሬው ግብር እንዴት ይተመናል?

አሁን የሚሠራበት የምክር ቤት ግብር የታወጀው በ1992 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ነው። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ መመልከቱ ጠቃሚ ነው።

በመጀመሪያ ምክር ቤቱ የመጪውን ዓመት ወጪ ያሰላል። ከዚህ ላይ ከማዕከላዊ መንግሥት የሚያገኘውን ድጎማ፣ ከንግድ ቤቶች ግብር የሚደርሰውን ድርሻና ከመጠባበቂያው የሚያወጣውን ገንዘብ ይቀንሳል። የቀረው ጉድለት በነዋሪው ላይ ይወድቃል። ጉድለቱ በአካባቢው ላሉት ቤቶች ሲካፈል የመካከለኛው ደረጃ፣ ማለትም የደረጃ «ዲ» ሂሳብ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል፣ ወጪው 200 ሚሊዮን፣ ከድጎማና ከንግድ ቤቶች የሚገኘው ደግሞ 120 ሚሊዮን ፓውንድ የሆነ ምክር ቤት እንዳለ እናስብ። የሚቀረው 80 ሚሊዮን ወደ ደረጃ «ዲ» በተመነዘሩ 50,000 ቤቶች ሲካፈል ለአንድ ቤት 1,600 ፓውንድ ይሆናል። በዚህ ላይ ፖሊስ፣ የእሳት አደጋ መከላከያና እንደየአካባቢው ሌሎች አካላት የየራሳቸውን መዋጮ ይጨምራሉ፤ ነዋሪው ግን በእጁ የሚገባው አንድ ወረቀት ነው።

ውሳኔው እስከ መጋቢት 11 ቀን ድረስ መጽደቅ ይኖርበታል። የሁለት ወር ግብር ያልከፈለ የምክር ቤት አባል በበጀቱ ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ ሕጉ ይከለክላል። ጭማሪው መንግሥት ከወሰነው ጣሪያ ካለፈ ደግሞ የሕዝብ ድምፅ መጠየቅ ግዴታ ነው። በ2015 በቤድፎርድሺር ለፖሊስ ከፍ ያለ ጭማሪ ተጠይቆ ነዋሪው በድምፁ ውድቅ አድርጎታል። እነዚህ ሥርዓቶች በራሳቸው ዋጋ የላቸውም ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የግብሩን መደባዊ ባሕርይ አይለውጡም።

ደረጃዎቹ ምን ይደብቃሉ?

ቤቶች ከ«ኤ» እስከ «ኤች» በስምንት ደረጃዎች ተመድበዋል። ደረጃ «ኤ» እስከ 40,000 ፓውንድ፣ ደረጃ «ኤች» ከ320,000 ፓውንድ በላይ የሚገመት ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ቢያንስ ስምንት እጥፍ ሆኖ ሳለ፣ የግብሩ ልዩነት ግን ሦስት እጥፍ ብቻ እንዲሆን በሕግ ተወስኗል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ መሠረት የደረጃ «ኤ» ነዋሪ 1,067 ፓውንድ ገደማ፣ የደረጃ «ኤች» ነዋሪ 3,200 ፓውንድ ይከፍላሉ። ይህ ሲመነዘር ባለ 40,000 ፓውንዱ ቤት በእያንዳንዱ ሺህ ፓውንድ ግምት ላይ ወደ 27 ፓውንድ ይከፍላል። አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተው ታላቅ ቤት በአንጻሩ በእያንዳንዱ ሺህ የሚከፍለው 3 ፓውንድ ከ20 ሳንቲም ብቻ ነው። እያደገ የሚሄድ ግብር ይቅርና እኩል ምጣኔ እንኳ የለውም፤ ሀብት ሲጨምር እየቀለለ የሚሄድ ግብር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ግምቱ የተወሰደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1991 በነበረው ዋጋ ሲሆን፣ ዌልስ በ2005 አዲስ ግምት ሥራ ላይ ስታውል እንግሊዝ ግን በአሮጌው እንደጸናች ናት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የአንዳንዱ ሰፈር ዋጋ ከሌላው እጅግ በላይ ማደጉን መዝገቡ አያውቅም።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ግብሩን በመደበኛነት የሚከፍለው የቤቱ ባለቤት ሳይሆን በቤቱ የሚኖረው ሰው ነው። ተከራዩ ሠራተኛ ለባለቤቱ ኪራይ ከፍሎ ሲያበቃ የምክር ቤቱንም ግብር ይጨምራል። በመንገዱ መጠገንና በመናፈሻው መስፋፋት የሚያድገው የቤት ዋጋ ግን የባለቤቱ ሀብት ሆኖ ይቀራል።

በአራተኛ ደረጃ፣ ለድሆች ይሰጥ የነበረው አገር አቀፍ የግብር ድጎማ በ2013 ተሽሮ ኃላፊነቱ ለየምክር ቤቱ ሲተላለፍ፣ የተመደበው ገንዘብ ከመቶ አሥር እጅ ተቀነሰ። ጡረተኞች ከቅነሳው እንዲጠበቁ በመደረጉ፣ ሸክሙ ለመሥራት በሚችል ዕድሜ ላይ ባሉ ድሆች ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት ምንም ያልከፍል የነበረ ሰው በብዙ ቦታ ሂሳብ ተላከለት። ካልከፈለም ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ወይም ዕዳ አስፈጻሚዎች ደጁን ሊያንኳኩ ይችላሉ።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

ብዙ ከፋዮች የምክር ቤት ግብር ለቆሻሻ ማንሻና ለመንገድ መብራት ብቻ የሚውል ይመስላቸዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ማኅበራዊ አገልግሎት በሚሰጡት ምክር ቤቶች ከበጀቱ ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የአረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞችና ጥበቃ የሚሹ ሕጻናት እንክብካቤ ነው። የትምህርት ቤቶች ዋና በጀት የሚመጣው ከማዕከላዊ መንግሥት በተለየ ድጎማ ነው። ለመንገድ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለመናፈሻና ለወጣቶች ማዕከል የሚተርፈው ከእንክብካቤው የቀረው ነው።

እንክብካቤው የሕግ ግዴታ በመሆኑ በቀላሉ ሊቀነስ አይችልም። ከ2010 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ በእጅጉ ሲቀነስ፣ የተዘጉት በሕግ ያልተጠበቁት፣ ሠርቶ አደሩ በየዕለቱ የሚገለገልባቸው ተቋማት ሆኑ። በእንግሊዝ የደረጃ «ዲ» አማካይ ግብር በ1993 ዓመት 568 ፓውንድ ነበር፤ በ2025 የበጀት ዓመት 2,280 ፓውንድ ደርሷል። ነዋሪው የበለጠ እየከፈለ ያነሰ አገልግሎት የሚያገኝበት ምክንያት ከዚህ ይመነጫል።

በርሚንግሃም ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነች። የከተማዋ ምክር ቤት በመስከረም 2023 ወጪውን መሸፈን እንዳልቻለ በሕግ አግባብ አስታወቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሴት ሠራተኞች ከወንዶች እኩል ሊከፈላቸው ይገባ የነበረ ደመወዝ ለዓመታት በመቅረቱ የተከማቸው ዕዳ ነው። ሌላው ብዙ ገንዘብ የፈጀ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ዕዳውን የፈጠሩት መብታቸውን የጠየቁት ሴቶች ሳይሆኑ መብታቸውን የነፈጋቸው አሠራር ነው። ሆኖም በ2024 የነዋሪው ግብር በ9.99 ከመቶ፣ በ2025 ደግሞ በ7.49 ከመቶ ሲጨምር አገልግሎቶች ተቀነሱ። ከመጋቢት 2025 ጀምሮ የቆሻሻ ሰብሳቢ ሠራተኞች የሥራ መደባቸው መሰረዙንና የደመወዝ ቅነሳን በመቃወም ሙሉ የሥራ ማቆም አድማ በማድረጋቸው ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ። ከላይ በተደረገ ስሕተት ከፋዩ ነዋሪና ተቀጣሪው ሠራተኛ እርስ በርሳቸው እንዲወነጃጀሉ ተደረገ። ብዙውን ጊዜ ግን ሁለቱ የአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ጉዳዩ የባዕድ አገር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በአገራችንም የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር በአዋጅ ቁጥር 80/1968 ተደንግጎ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በአዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ስሌት በ2015 ዓ.ም. ተሻሽሎ ብዙ ባለቤቶች ከፍ ያለ ሂሳብ ደርሷቸዋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ስለዚህ ከእንግሊዙ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ለእኛም ወቅታዊ ነው።

ትምህርቱ ግብር መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ቆሻሻ የሚነሣው፣ ቦይ የሚጠረገው፣ አረጋዊ የሚጦረው በጋራ መዋጮ ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአባቶች አባባል የሚገልጸውም ይህንኑ ነው። ትምህርቱ ግብሩ የሚጣልበትን መንገድ ነዋሪው ራሱ ሊመረምረው ይገባል የሚል ነው። በመሆኑም የነዋሪዎች ማኅበር አባላትና ሠራተኞች የሂሳቡ ወረቀት ሲደርሳቸው አራት ጥያቄዎችን ማንሣት ይኖርባቸዋል። ግምቱ የተወሰደው መቼ ነው፣ በየስንት ጊዜውስ ይታደሳል? ትልቁ ቤት ከትንሹ የሚለየው በዋጋው ልክ ነው ወይስ ከዚያ ባነሰ? በመጨረሻ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው ወይስ በኪራይ ላይ ተጨምሮ ተከራዩ? የተሰበሰበው ገንዘብ በየትኛው አገልግሎት ላይ እንደዋለስ ነዋሪው አይቶ መጠየቅ የሚችልበት መንገድ አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ ሕግ ነዋሪው በየዓመቱ ለ30 የሥራ ቀናት የምክር ቤቱን የሂሳብ መዝገብና ደረሰኞች እንዲመረምር፣ መራጩም ለኦዲተሩ ጥያቄ እንዲያቀርብ ተፈቅዷል። ይህ መብት በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ሹሙን አያስፈራም፤ በተደራጀ ነዋሪ እጅ ሲገባ ግን መሣሪያ ይሆናል። የፖፕላር ነዋሪዎች ያሸነፉት ሸክሙ ከየት መጥቶ በማን ላይ እንደወደቀ ጠንቅቀው በማወቃቸውና በአንድነት በመቆማቸው ነው። የሚከፍለውን የማያውቅ ነዋሪ ገባር ነው፤ የሚከፍለውንና የከፈለበትን ምክንያት ዐውቆ የሚቆጣጠር ነዋሪ ግን የከተማው ባለቤት ነው።