የመንዝ ውርጭና የብስክሌት ባትሪ

መሐል ሜዳ የሚያስተምረው የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝ። «እትዬ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልገዛ ነው። ባለ እርሳስ ባትሪው ይረክሳል፣ ባለ ሊቲየሙ ኪስ ያራቁታል። የቱ ይሻለኛል?»

ነርስ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ጤና ጣቢያ ሳለሁ የሶላር ማቀዝቀዣችን ባትሪ እየደከመ ክትባት አበላሽቶብናል። ልጇን አዝላ ግማሽ ቀን የተጓዘችን እናት «ሌላ ቀን ነይ» ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ያለ ባትሪ ከፀሐይ በቀጥታ የሚሠሩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች የመጡት አንድም ለዚህ ነው።

48 ቮልት፣ 12 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 16 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የአራት ዓመት ልጅ ማለት ነው። በዚያው መጠን ያለ ሊቲየም 5 ኪሎ ቢሆን ነው። በመንዝ ሜዳ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማ ይሆናል። ከለሚ ተነሥቶ ጀማን ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ ለሚወጣ ሰው ግን ያንን ልጅ አዝሎ ዳገት እንደ መውጣት ነው።

የእርሳሱ ባትሪ ባዶውን ሲያድር ይጎዳል፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በደንብ ተይዞም ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሞልቶ ይደክማል። ሊቲየም ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከ1,500 ጊዜ በላይ ይሞላል፤ ከሌሎቹ ሊቲየሞች ይልቅም እሳት አይቸኩልበትም። ጠላቱ ውርጭ ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይበላሻል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ባትሪው ቤት ውስጥ ይደር፣ የሚሞላው ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ፣ አብሮት በመጣው ቻርጀር፣ ሰው እያየው ይሁን። ከመኝታ አጠገብ ሰክቶ መተኛት አይሆንም።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን እርሳሱ ነው። ያረጀ ባትሪ ግቢ ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አላገኘም። አሲዱ ዓይን ውስጥ ከገባም ሳይውል ሳያድር አይባልም፤ እዚያው በዚያው ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

«ሁለት ወር ቆጥበህ ፎስፌቱን ግዛ» አልሁት። የባትሪውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። «ሊቲየም» ብቻ ይላል፤ ዓይነቱ የለም። አሁን ሌላ ሱቅ እያፈላለገ ነው።