በእንስሳ ያልተፈተነው ቧንቧ



ከሐርቡ ሕመምተኛ ይዞ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የደረሰ ቤተሰብ «እዚህ ላይ ፈርሙ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ቢስሚላህ ብሎ ይፈርማል እንጂ አይጠይቅም። ሐኪምን ማመን ክፋት የለውም። ነገር ግን ሕክምናው አዲስ ነው ከተባለ «ከዚህ በፊት በምን ላይ ተሞከረ? ከዓመታት በኋላስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ የታከመ አንድ የጎረቤታችን የኤርትራ ልጅ ነበር።

ወጣቱ በአይስላንድ ይማር ነበር። በአየር ቧንቧው ላይ የወጣው ዕጢ በቀዶ ጥገናም በጨረርም አልድን ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ ስዊድን ተላከ። በስቶክሆልም በሚገኘው የካሮሊንስካ ሆስፒታል ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለ ጣሊያናዊ ቀዶ ሐኪም የታመመውን ቧንቧ አውጥቶ በፕላስቲክ ተካው። ፕላስቲኩ ከሕመምተኛው መቅኒ በተወሰዱ ሕዋሳት ስለተነከረ ከአካሉ ጋር ይዋሐዳል ተባለ። ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔትም ሕመምተኛው በ5ኛው ወር ደህና መሆኑን በዚያው ዓመት አወጣ። ዓለም አጨበጨበ።

ነገር ግን የአየር ቧንቧ ባዶ ቱቦ አይደለም። ርዝመቱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አላህ (ሱ.ወ) ግን ውስጡን በዓይን በማይታዩ ፀጉሮች አልብሶታል። እነርሱ አቧራውንና አክታውን ሌት ተቀን ወደ ላይ ይጠርጋሉ። ሕይወት የሚሰጡት የራሱ የደም ሥሮችም አሉት። ፕላስቲክ ደም አይደርሰው፣ አክታ አይጠርግ! መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ያመረቅዛል፣ ሥጋ በቅሎበትም ይጠባል።

ይህ አስቀድሞ በእንስሳት ላይ ሊታይ ይችል ነበር። በጃፓን የኪዮቶ ተመራማሪዎች የሠሩትን የአየር ቧንቧ በውሾች ላይ ተክለው ለዓመታት ከተከታተሉ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ሰው የተሻገሩት፤ ያውም ሙሉውን ቧንቧ ሳይሆን ከፊሉን ለመጠገን። በስቶክሆልም ግን በእንስሳ ላይ በቂ ሙከራ ሳይደረግ ነው ሰው አልጋ ላይ የተኛው። 5 ወር ደግሞ ዕድሜ ልክ ለሚተነፈስበት አካል ምን ይመሰክራል?

ወጣቱ ብዙ ሥቃይ አይቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ሞተ። በስዊድን ይኸው ቧንቧ የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም በሕይወት የሉም። ነገሩን ያጋለጡት አራት የሆስፒታሉ ሐኪሞች ናቸው፤ መጀመሪያ ሰሚ አላገኙም፣ እንዲያውም እነርሱው ተወቀሱ።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ማኪያሪኒ ሕክምናን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የዚያን ቧንቧ መጨረሻ ግን አያውቅም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተባረረ። ላንሴት ጽሑፉን በ2018 ሰረዘ። በ2023 የስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ2 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደበት፤ ሕመምተኞቹ ቀዶ ጥገናው ባይደረግላቸውም ቀላል ለማይባል ጊዜ በሕይወት ሊቆዩ ይችሉ እንደነበርም ገለጸ።