ወጥ ያለ ሁለት ሰዓት አይሆንም? የሥራ ቀን ማዕድ፦ ተረቱና እውነታው

ታክሲ ተሰልፎ፣ መሽቶበት ቤት የሚገባ ወላጅ የራበው ሕፃንና ያልተሠራ የቤት ሥራ አንድ ላይ ይጠብቁታል። በዚያ ሰዓት በብዙ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ የታወቀ ነው፦ "ለዛሬ ዳቦ በሻይ ይብሉ"። ይህ ስንፍና አይደለም። ስለ ቤት ምግብ እየሰማናቸው ያደግናቸው አባባሎች ቀላሉን ሥራ ከባድ አድርገውብናል። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱን እንፈትሻቸው።

ተረት 1፦ "ወጥ ያለ ሁለት ሰዓት አይደርስም"

እውነታ፦ ለዶሮ ወጥ እውነት ነው፤ ለሽሮና ለምስር ክክ ግን አይደለም። ለነገሩ በዶሮ ወጥም ቢሆን ሰዓቱን የሚፈጀው በዋናነት ሽንኩርቱ ነው። ተልጦ፣ ደቆ፣ ውሃውን እስኪጨርስ ታምሶ፣ በዘይትና በበርበሬ እስኪቁላላ ድረስ ሰው ከምድጃው አይርቅም። ይህ ድካም ግን በየማታው መደገም የለበትም። እሁድ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ባንዴ አብስሎ፣ ግማሹን በዘይት ብቻ ለአልጫ፣ ግማሹን በበርበሬ አቁላልቶ የየቀኑን በትንንሽ ዕቃ መከፋፈል ይቻላል። ለሦስት ቀን የሚበቃው ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር ይገባል።

ቁሌቱ ካለ ሽሮ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ለአንድ ኩባያ ሽሮ አራት ኩባያ ያህል ውሃ ይበቃል። ዱቄቱን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ አስቀድሞ በጥብጦ የፈላው ላይ እያማሰሉ ቢጨምሩት አይጓጎልም።

አተር ክክና ድፍን ምስር ለምን ያስቸግራሉ ለሚል፣ አንዱ ምክንያት የምንኖርበት ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አይዘልም። መፍትሔው ጠዋት ሲወጡ ዘፍዝፎ መሄድ ወይም በፕሬዠር ድስት መቀቀል ነው፤ የታመቀው እንፋሎት ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል።

ተረት 2፦ "ለልጆች ለብቻ መሠራት አለበት"

እውነታ፦ አንድ ድስት ለሁሉም ይበቃል፤ ቁም ነገሩ በርበሬና ጨው የሚገቡበት ሰዓት ነው። ምስር ክክን እንውሰድ። በርበሬ ያልነካውን ቁሌት ሁለት ጭልፋ ያህል ድስት ውስጥ አሙቁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ እርድ ጨምሩ። ታጥቦ የተጠነፈፈ አንድ ኩባያ ምስር ክክና ሦስት ኩባያ ውሃ ከገባ በኋላ፣ ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ክኩ በማንኪያ ጀርባ ሲጫኑት ይፈርሳል።

የልጆቹ ድርሻ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ምግብ ለጀመረ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨው አያስፈልገውም፤ ድርሻውን በማንኪያ አድቅቆ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጠብ ማድረግ ነው። ለትልልቆቹ ትንሽ ጨው ገብቶበት በእንጀራ ይፈተፈትላቸዋል። ድስቱ ውስጥ የቀረው ላይ ደግሞ በበርበሬ የተቁላላው ቁሌት ይጨመርና አምስት ደቂቃ ይንተከተካል፤ የአዋቂው ቀይ ወጥ ደረሰ ማለት ነው። በድንች ወጥም አካሄዱ ያው ነው። የሽሮ ዱቄት ግን በርበሬው አብሮት ስለሚፈጭ፣ ልጅ ያለበት ቤት ነጭ ሽሮ ቢያስፈጭ ይገላገላል።

ተረት 3፦ "ትኩስ ወጥ ፍሪጅ አይገባም፤ ያደረ ምግብም ጥቅም የለውም"

እውነታ፦ አደገኛው ፍሪጁ ሳይሆን ድስቱ ውጭ የሚያድርበት ሌሊት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር፣ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ፣ ፍሪጁም ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሆን ነው። ትልቁን ድስት እንዳለ ከማስገባት ዝርግ በሆኑ ዕቃዎች ከፋፍሎ ጥቂት አብርዶ ማስገባት ይሻላል። እንዲህ የተያዘ ወጥ እስከ ሦስት ቀን ይበላል። ሲሞቅ ግን ለብ ማለት አይበቃውም፤ እስኪንተከተክ መሞቅ አለበት።

ሩዝ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ሩዝ ውስጥ የሚገኝ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ መፍላቱን ችሎ ያልፋል፤ ሩዙ ውጭ ካደረም መርዝ ያመነጫል። ያ መርዝ ደግሞ ጠዋት ለምሳ ዕቃ ቢያሞቁት አይጠፋም። ፍሪጅ በሌለበት ቤት የማታውን ሩዝ ልክክ አድርጎ ሠርቶ መጨረስ ነው።

ተረት 4፦ "ቀይ ሥር ደም ይሆናል፤ ጤፍ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?"

እውነታ፦ የቀይ ሥር ቅላት ከብረት ማዕድን የመጣ አይደለም። መቶ ግራም ቀይ ሥር ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም አይሞላም፤ በዚያው መጠን የተቀቀለ ምስር ውስጥ ግን ከ3 ሚሊግራም በላይ አለ። ለደም ይበልጥ የሚጠቅመው እንግዲህ ምስሩ ነው። ጤፍ ብረት እንዳለው እርግጥ ነው፤ ሆኖም ሲለካ ከሚገኘው ውስጥ ከፊሉ አውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለው የአፈር ብረት ነው፤ ሰውነትም ያን እንደልቡ አይጠቀምበትም። ሊጡ በደንብ መቡካቱ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ የኮመጠጠ እንጀራ በዚህ በኩል ይረዳል።

የእህልና የጥራጥሬን ብረት ሰውነት እንዲወስደው የሚያግዘው ቫይታሚን ሲ ነው፦ ምስሩ ላይ የተጨመቀ ሎሚ ወይም ከጎኑ የቲማቲም ሰላጣ። የሚያግደው ደግሞ ሻይ ነው። ልጅ ምሳውን በሻይ ካወራረደ የምስሩ ብረት ከፊሉ በከንቱ ይቀራል። ለትንንሽ ልጆች ከምግብ ጋር ውሃ ይበቃቸዋል።

ተረት 5፦ "እንቁላልና ሥጋ ለሕፃን ይከብዳሉ"

እውነታ፦ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ሁለቱንም መብላት ይችላል፤ ከእናት ጡት ጋር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ያወጣው መመሪያም ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። የሚከብደው አቀራረቡ ነው። ጥብስ ለጥርስ አልባ ልጅ አይሆንም፤ በደንብ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ ከድንች ጋር ተደቁሶ ግን ይሆናል። የተቀቀለ እንቁላል በአልጫው ፈርፍሮ ማብላት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዓመት ሳይሞላው መቅመስ የሌለበት ማር ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚፈራው እንቁላሉን ነው።

ጾም ሲገባ ሌላ ችግር ይመጣል። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የመጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ነገር ግን እናት ድስቱ እንዳይነካካባት ብላ ለልጁም የጾም ምግብ ብቻ ታቀርባለች። ለልጁ ብቻ የምትውል አንዲት ትንሽ መጥበሻና አንዲት ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ይፈታዋል።

ተረት 6፦ "የኔ ልጅ አትክልት አይወድም"

እውነታ፦ አንድ ጊዜ የተፋ ልጅ አልወደደም ማለት አይደለም፤ አልለመደም ማለት ነው። ብዙ ሕፃናት አዲስ ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። ካሮቱን ሁለቴ አቅርቦ ተስፋ መቁረጥ እንግዲህ ገና በመጀመሪያው መተው ነው። ማስገደድ ግን ጥላቻውን ያብሰዋል። ትንሽ አቅርቦ፣ ራስም ከፊቱ በልቶ፣ እምቢ ካለ ያለ ንትርክ ማንሳት ይሻላል።

ስለዚህ በየቀኑ አዲስ ነገር ካልሠራሁ ብሎ መጨነቅም አያስፈልግም። ሰኞ ምስር አልጫ፣ ማክሰኞ እንቁላል ፍርፍር ከቲማቲም ጋር፣ ረቡዕ ሽሮና ጎመን፣ ሐሙስ ፓስታ የተፈጨ ሥጋ ባለበት ስጎ፣ ዓርብ ፎሶልያ በካሮትና ድንች። ሳምንቱ ሲዞር ያው ዝርዝር ቢመለስ ልጁ ይለምዳል፣ ሠሪውም እጁ ይፈጥናል። የገበያው ዝርዝርም አጭር ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚጻፈው የእሁዱ ሽንኩርት ነው። ዶሮ ወጡ ለበዓል ይቆይ።