ለፕላስቲክ የሚታጠቅ ጣሪያ፦ የመጋዘን ስፕሪንክለር

በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ዌስት ግሎስተር ውስጥ፣ ኤፍኤም የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ግዙፍ የእሳት መሞከሪያ ሕንፃ አለው። እዚያ ሆን ተብለው ከሚቃጠሉት ዕቃዎች መካከል በሙያው ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀው ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። 125 የፖሊስታይሪን ኩባያዎች በወረቀት ክፍልፋይ ተለያይተው አንድ ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ስምንት ካርቶን አንድ ፓሌት ላይ ይጫናል። ፓሌቶቹ በብረት መደርደሪያ ላይ ተደራርበው ይቆሙና ከሥር እሳት ይለኮስባቸዋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ መጋዘን በምን ያህል ውሃ እንደሚጠበቅ የተወሰነው በአብዛኛው እነዚህ ኩባያዎች እንዴት እንደተቃጠሉ፣ ወይም እንዴት እንደጠፉ፣ በማየት ነው።

ኩባያው የተመረጠው ክፉ ነዳጅ ስለሆነ ነው። አንድ ኪሎ እንጨት ሲነድ 17 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። አንድ ኪሎ ፖሊኤትሊን፣ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስታይሪን ግን ከ40 ሜጋጁል በላይ ያወጣል። ከዚህም በላይ ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ እየነደደ ይንጠባጠባል፤ ታች ወርዶም እንደ ዘይት ኩሬ ይነዳል። ፎም ሲሆን ደግሞ እሳቱ ይበልጥ ይፋጠናል። ለዚህ ነው የአሜሪካው የስፕሪንክለር (ጣሪያ ላይ የሚሰቀል የውሃ መርጫ) ደንብ፣ ኤንኤፍፒኤ 13፣ ተራ ዕቃዎችን ከአንድ እስከ አራት በደረጃ ከመደበ በኋላ ለፕላስቲክ የተለየ ምድብ ያወጣለት። ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ ከሁሉ የከፋው ምድብ ውስጥ ናቸው። ጠንካራው ፒቪሲ ክሎሪን ስላለበት ቀለል ያለው ምድብ ደርሶታል።

ሁለተኛው ችግር መደርደሪያው ነው። በፓሌትና በፓሌት መካከል የሚተወው ክፍተት እሳት ሲነሳ የጭስ ማውጫ ይሆናል። ሙቀቱ በዚያ ጠባብ መንገድ ሽቅብ ይምዘገዘጋል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ካርቶኖች አንዱ ሌላውን ያሞቃል፤ ነበልባሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ሊነካ ይችላል። ታዲያ ክፍተቱን ለምን አይደፍኑትም? ምክንያቱም ከላይ የሚወርደው ውሃ ወደ እሳቱ እምብርት የሚደርሰው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ እንዲጠበቅ ይታዘዛል። ቦታ ለመቆጠብ ሲል ዕቃውን እየገፋ ክፍተቱን የሚዘጋ ሠራተኛ ጣሪያው ላይ ያለውን ውሃ ከጥቅም ውጭ ማድረጉን ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም።

ስፕሪንክለሩ ራሱ ቀላል መሣሪያ ነው። በኮነቲከት ግዛት የፒያኖ ፋብሪካ የነበረው ሄንሪ ፓርሜሊ እ.ኤ.አ. በ1874 ሕንፃውን ለመጠበቅ በራሱ የሚከፈት ስፕሪንክለር ሠራ፤ ፍሬድሪክ ግሪኔል አሻሻለው። ዛሬ በየሕንፃው ጣሪያ ላይ የሚታየው ቀይ ፈሳሽ የያዘ የመስታወት ፍሬ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይሰበራል፣ ውሃውም ይለቀቃል። ፊልሞች የጣሪያው ስፕሪንክለር ሁሉ በአንዴ ሲረጭ ያሳያሉ። በእውነቱ የሚከፈተው ሙቀት የደረሰው ብቻ ነው።

ችግሩ የቆዩት የመጋዘን ስፕሪንክለሮች የታሰቡት እሳቱን ለማጥፋት ሳይሆን ዙሪያውን እያረጠቡ ለመግታት መሆኑ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ይጨርሱታል የሚል ስሌት ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 21 ቀን 1982 በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ፎልስ ታውንሺፕ በነበረው የኬማርት የችርቻሮ ኩባንያ ማከፋፈያ መጋዘን ይህ ስሌት አልሠራም። ከ100 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ የሚሰፋው ሕንፃ ስፕሪንክለር ነበረው፤ በእሳት መከላከያ ግድግዳም በአራት ተከፍሎ ነበር። ነገር ግን በውስጡ ተቀጣጣይ የኤሮሶል ቆርቆሮዎች ነበሩ። ሲሞቁ እየፈነዱ፣ እሳት እያስከተሉ ተወነጨፉ፤ በግድግዳዎቹ መካከል ያሉትን በሮች አልፈው እሳቱን ከክፍል ወደ ክፍል አዛመቱት። መጋዘኑ በሙሉ ወደመ፤ ኪሳራውም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

በዚያው በ1980ዎቹ የኤፍኤም ተመራማሪዎች ሐሳቡን ገለበጡት፦ እሳቱ ሳይጎለምስ ፈጥኖ መክፈት፣ ከዚያም ነበልባሉን ሰንጥቆ የሚወርድ ብዙና ከባድ ውሃ በላዩ መጣል። ትንንሽ ጠብታ ወደ ላይ በሚነፍሰው ሙቀት ተበትኖ ይተናል፤ ትልቅ ጠብታ ግን እስከሚነድደው ዕቃ ይወርዳል። ኢኤስኤፍአር የሚባለው ይህ ስፕሪንክለር በመጀመሪያው ዓይነቱ፣ 9 ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው ጣሪያ፣ አንዱ ብቻ በደቂቃ 375 ሊትር ያህል ያፈሳል። ንድፍ አውጪው 12ቱ አብረው ይከፈታሉ ብሎ ያሰላል፤ በሦስት ቧንቧ ላይ አራት አራት። ይህ በደቂቃ 4,500 ሊትር፣ በአንድ ሰዓት 270 ሺህ ሊትር ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚወስዱት ገና አልተጨመረም። የከተማ ቧንቧ ይህን ብዙውን ጊዜ ስለማይችል ታንከርና ፓምፕ የንድፉ አካል ይሆናሉ።

የኢኤስኤፍአር ጉልበት ታላቅ ቢሆንም ስህተትን አይታገስም። ከሥሩ የተሰቀለ መብራት ወይም የአየር ቱቦ ውሃውን ካሰናከለው እሳቱ ያመልጠዋል፤ ከዕቃው አናት እስከ ስፕሪንክለሩ ቢያንስ 91 ሴንቲ ሜትር ባዶ መሆን አለበት። ክፍተት የሌለው ድፍን መደርደሪያ ውሃውን ያግዳል። አፋቸው የተከፈተ የፕላስቲክ ሣጥኖች ደግሞ ውሃውን ራሳቸው ይሰበስቡታል፤ ከታች ያለው እሳት ደርቆ ይነዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚበጀው ስፕሪንክለሩን ከነቧንቧው በመደርደሪያው ውስጥ ማሳለፍ ነው። ባለ መጋዘኖች ፎርክሊፍት ይመታዋል ብለው አይወዱትም፤ ሆኖም ለእሳቱ ቅርብ ስለሆነ ከጣሪያው ይልቅ በጥቂት ውሃ ብዙ ይሠራል።

ከሁሉ አደገኛው ግን በጸጥታ የሚመጣ ለውጥ ነው። ስፕሪንክለር የሚነደፈው ለሕንፃው ሳይሆን በውስጡ ለሚቀመጠው ዕቃ ነው። ለታሸገ ምግብ የተሠራ መጋዘን ከዓመታት በኋላ ለፕላስቲክ ወንበር ሲከራይ ግድግዳውም ቧንቧውም ያው ነው፤ ጥበቃው ግን የለም። የእንጨት ፓሌት በፕላስቲክ ፓሌት መተካት እንኳ የዕቃውን የአደጋ ደረጃ በአንድ ወይም በሁለት ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መጋዘን የምታከራዩ፣ የምትከራዩ ወይም የምታስተዳድሩ አንባቢዎች፣ አዲሱ ዕቃ ከመራገፉ በፊት የስፕሪንክለሩን የንድፍ ሰነድ አውጡና ለምን ዓይነት ዕቃ፣ ለምን ያህል ከፍታ እንደተሰላ ተመልከቱ። ሰነዱ ከሌለ ወይም ዕቃው ከተለየ፣ የእሳት መከላከያ መሐንዲስ እስኪያየው ድረስ ፕላስቲኩን አታስገቡ።