ስክሪንሾቱ ወዴት ነው የሚሄደው?

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ያለበት ቢሮ ጎራ ያለ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ ሠራተኛው ስልኩን አውጥቶ ሞኒተሩን ፎቶ ያነሳል። ሲስተሙ «ኢረር» ብሎታል፤ የሚያስተካክለው ባለሙያ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው ያለው። ፎቶው ላይ የመስኮቱ ነጸብራቅ አለ፤ የካሜራውና የሞኒተሩ ነጥቦች ስላልተገጣጠሙ የተፈጠረ ዥጉርጉር መስመርም አለ፤ የተፈለገው ጽሑፍ ግን አይነበብም። ሰውየው ፕሪንት ስክሪን የሚባለውን ቁልፍ አጥቶት አይደለም። ኢንተርኔቱ ያለው ስልኩ ላይ ስለሆነ ነው። ስለ ስክሪንሾት መሣሪያ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ይህን ዘልሎ ቀስት መሣያውንና ቀለሙን ይቆጥራል። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ምስሉ ከተነሳ በኋላ በምን በኩል፣ ወደ ማን ይሄዳል የሚለው ነው።

ለማንሳቱማ ኮምፒውተሩ ራሱ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር ላይ ፕሪንት ስክሪን ከሺፍት ጋር ሲጫኑት በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በቀጥታ ወደ ፕሪንተር ይልክ ነበር። በአብዛኛው የዊንዶውስ ስሪት ላይ ምስሉን ኮፒ አድርጎ ይይዛል፤ ፔይንት ወይም ወርድ ላይ ፔስት ሳያደርጉት መብራት ከሄደ ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ለማይታመንበት ቢሮ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፕሪንት ስክሪን ጋር መጫኑ ይሻላል፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ይህ ምስሉን ወዲያው ፋይል አድርጎ ፒክቸርስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከስክሪኑ ቁራጭ ብቻ ለሚፈልግ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍትና ኤስ በአንድነት ይጫናሉ። ዊንዶውስ 7 ላይ ላለ አሮጌ ኮምፒውተርም ስኒፒንግ ቱል የሚባለው መቁረጫ አለለት።

ከኮምፒውተሩ ወደ ስልኩ ለማሻገር አስተማማኙ የቻርጀሩ ዩኤስቢ ገመድ ነው። ፍላሽም ይሠራል፤ ግን ሾርትከት ቫይረስን ከቢሮ ቢሮ የሚያዞረው እሱ መሆኑን የማያውቅ የለም።

ስልኩ ላይ ከደረሰ በኋላ ብዙ ሰው ምስሉን የሚያበላሸው ሲልከው ነው። ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ የተላከ ምስል ይጠብና ወደ ጄፔግ ይለወጣል። ጄፔግ የተሠራው ለሰው ፊትና ለመልክዓ ምድር ነው፤ ምስሉን ስምንት በስምንት በሆኑ የነጥብ ካሬዎች ከፋፍሎ ዓይን ብዙም አያስተውለውም ያለውን ዝርዝር ይጥላል። በደብዳቤ ወይም በሰንጠረዥ ላይ የሚጣለው ግን ፊደል ነው። «ሰ»ን ከ«ሱ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። ኑዌርኛም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከአንዳንድ አናባቢዎች ሥር መስመር ይሰመራል፤ ምስሉ ሲጠብ ቀድማ የምትደበዝዘው ያቺ መስመር ናት። የሰው ስም ላይ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ በፒኤንጂ ማስቀመጥ፣ ቴሌግራም ላይም «ፋይል» ብሎ መላክ። ፒኤንጂ ሲያጠብ የሚጥለው ነገር የለም። የዳታ ፓኬጅ ያሳሰበው ሰው ሙሉውን ስክሪን ከመላክ ስህተቱ ያለበትን ክፍል ብቻ ቆርጦ ይላክ።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ፣ ለምሳሌ ለሠራተኞች የአጠቃቀም መመሪያ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ግሪንሾት የሚባለውን ፕሮግራም ቢጭን አይቆጭም። ነጻ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቀስት፣ ቁጥርና ማብራሪያ ያስገባል። ሼርኤክስም ነጻ ነው፣ አቅሙም ይበልጣል፤ ምርጫው ግን ስለበዛ ለጀማሪ ያደክማል። ላይትሾት ብዙ ሰው የሚወደው ምስሉን ወደ ድረ ገጽ ጭኖ አጭር ሊንክ ስለሚሰጥ ነው። እኔ ለቢሮ ሥራ የማልመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሊንኩ የይለፍ ቃል የለውም፤ ለዓመታትም የሚያልቀው በጥቂት ፊደላትና ቁጥሮች ስለነበር ፊደሉን እየለዋወጠ የሞከረ ማንም ሰው የሌላውን ምስል ሊያይ ይችል ነበር።

ይህ ጋምቤላ ላይ ተራ ጉዳይ አይደለም። ኩሌን፣ ቴርኪዲንና ጀዊን የመሳሰሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ያሉበት ክልል ነው፤ በእርዳታ ሠራተኛው ስክሪን ላይ ያለው ሰንጠረዥ ሸሽቶ የመጣ ሰው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛትና ያለበት ቦታ ነው። የአንዷን ረድፍ ችግር ለማሳየት ተብሎ የሠላሳ ሰው ረድፍ ይላካል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም ይህን ዓይነት መረጃ የያዘን ክፍል በኃላፊነት ይጠይቃል።

ስሙን ማደብዘዝም ሁልጊዜ አያድንም። የተበታተነ ፊደል መልሶ ሊገመት ይችላል፤ በስልክ ማድመቂያ ደጋግመው ያጠቆሩት ጽሑፍ ደግሞ ብርሃኑ ሲጨመር ብቅ ይላል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ጥቁር ሳጥን ነው የሚሸፍነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የተጋለጠው ጉድለት ደግሞ ይበልጥ አስደንጋጭ ነበር፦ የጉግል ፒክስል ስልኮችና የዊንዶውስ መቁረጫ፣ ተቆርጦ ወጣ የተባለውን ክፍል ከፋይሉ ጭራ ላይ ይተውት ነበር፤ ዘዴውን ያወቀ ሰው ከፊሉን ይመልሰዋል። ሁለቱም ኩባንያዎች አስተካክለውታል፤ ኮምፒውተሩ አፕዴት ካልተደረገ ግን ማስተካከያው አይደርሰውም።

እስካሁን ያልነው ስለ ላኪው ነው። ተቀባዩም ሌላ ችግር አለበት። በሞባይል ገንዘብ መክፈያው ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ከፍያለሁ፣ ይኸው ስክሪንሾቱ» የሚለው ንግግር የገበያ ቋንቋ ሆኗል። የብሩን መጠንና ቀኑን ስልክ ላይ ባለ ማስተካከያ መለወጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ምስሉ ጥራት ስላለው እውነት አይሆንም። ባለ ሱቅ ማየት ያለበት የገዢውን ስክሪን ሳይሆን ወደ ራሱ ስልክ የገባውን መልእክት ነው። ገዢው «ኔትወርክ አስቸግሮ ነው ያልደረሰህ» ካለው *127# ብሎ ደውሎ የቴሌብር ሂሳቡን ይመልከት፤ ይህ የሞባይል ዳታ አይፈልግም።