ጎሬ (ኢሉ አባቦር)

ጎሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሮሚያ ክልል ኢሉ አባቦር ዞን የምትገኝ ታሪካዊ ከተማ ናት። ከዞኑ ዋና ከተማ ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ 1970 ዓ.ም. አካባቢ የኢሉባቦር አስተዳደር መቀመጫ ነበረች። በባሮ ወንዝ ላይ ባለው የጋምቤላ ወደብ በኩል ከሱዳን ጋር ይካሄድ የነበረው ንግድ ዋና መናኸሪያም ሆናለች። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ለጥቂት ወራት የኢትዮጵያ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ነበረች።

አቀማመጥና የአየር ጠባይ

ጎሬ የቆመችው የኢትዮጵያ ደጋ ወደ ባሮ ቆላ መውረድ በሚጀምርበት ጫፍ አጠገብ ነው። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ በቡሬ በኩል አልፎ ጋምቤላ ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህ ቡሬ የኢሉባቦሩ ነው እንጂ የጎጃሙ አይደለም።

አካባቢው በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ቦታዎች አንዱ ነው፤ የዓመቱ ዝናብ 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ዝናቡ ደኑን፣ በደኑ ጥላ ሥር የሚበቅለውን ቡናና ማሩን ያበዛል። በአንጻሩ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት በየጊዜው ካልታደሰ ብዙ ዘመን እንዳይቆይ ያደርገዋል። የጎሬ የጥንት ቤቶች ዕጣ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

አመሠራረት

ከምኒልክ ዘመቻ በፊት አካባቢው በኢሉ ኦሮሞ ባላባቶች ሥር ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው በፈረስ ስማቸው አባ ቦር የሚባሉት ጫሊ ሾኖ ናቸው፤ የአውራጃው መጠሪያ የሆነው «ኢሉ አባ ቦር»ም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገሩ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ፣ በዚያን ጊዜ ደጃዝማች የነበሩት ተሰማ ናደው ገዢ ሆነው ጎሬን መቀመጫቸው አደረጓት።

«ከተማ» የሚለው ቃል በዚያ ዘመን የሠራዊት ሰፈርንም ያመለክት ነበር። ገዢው ከፍ ያለ፣ ዙሪያውን የሚያሳይ ቦታ መርጦ ይከትማል፤ ወታደሩ በየማዕረጉ ዙሪያውን ይሰፍራል፤ ገበያው ከሥር ይቆማል። ጎሬም የተመሠረተችው በዚህ ሥርዓት ነው። የሩሲያው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897 ወደ ባሮ ባደረገው ጉዞ በዚህ አገር አልፎ ያየውን በመጽሐፍ አስፍሯል።

ተሰማ ናደው በ1890 ዓ.ም. ከጎሬ ወደ ምዕራብ ዘምተው ነበር፤ ከዘመቻው የተላከው ጦርም በሶባት ወንዝ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ደርሷል። በኋላ ራስ ተብለው የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ፤ ሚያዝያ 2 ቀን 1903 ዓ.ም. ዐረፉ።

የገዢው ግቢ

በዘመኑ የነበረ የአገር ገዢ ግቢ የብዙ ቤቶች ስብስብ ነው። በአጥር በተከበበ ሰፊ ቦታ ውስጥ የገዢው መኖሪያ የሆነው እልፍኝ፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ዕቃ ቤት፣ ግምጃ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ እንጀራ ቤትና የፈረሶች ጋጥ ለየብቻቸው ይቆማሉ። በበሩ አካባቢ ችሎት ይቆማል። ግቢው ስለዚህ መኖሪያም፣ መሥሪያ ቤትም፣ ፍርድ ቤትም፣ የእንግዳ መቀበያም ነበር።

ይህን ሁሉ የሚሸከመው በዙሪያው ያለው ገበሬ ነው። በገባር ሥርዓት ለገዢውና ለወታደሩ እህል፣ ማርና ጉልበት ያቀርባል፤ የግቢውን አጥር ያጥራል፣ ጣሪያውን ይከድናል፣ ጭነት ይሸከማል። የባሪያ ንግድም በደቡብ ምዕራቡ አገር እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ድረስ ቀጥሎ ነበር።

ከራስ ተሰማ በኋላ በጎሬ ልዩ ልዩ ገዢዎች ተሾመው ሠርተዋል። ከነዚህ አንዱ ናደው አባ ወሎ ናቸው፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መጀመሪያ (መስከረም እ.ኤ.አ. 1923) የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ወደ ጄኔቭ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ነበሩ።

የባሮ መንገድና የጋምቤላ ወደብ

ጎሬን ከአንድ የጦር ሰፈር ወደ ንግድ ከተማ የለወጣት ከተራራው ሥር ያለው ወንዝ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው የወሰን ውል፣ እንግሊዝ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንድትይዝ ተፈቀደላት። ፈቃዱ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነበር። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1904 ጋምቤላ ላይ ተከፈተ።

ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ባሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ቡና የሚለቀመው ግን በመኸርና በበጋ ነው። ስለዚህ ሸቀጡ የሚንቀሳቀሰው በሁለት ወቅት ነበር፦ መንገዱ በሚደርቅበት በበጋ ቡናው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ሸክም ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መርከቡ መጥቶ ይጭነዋል። ጎሬና በወለጋ በኩል ያለችው ሰዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ሸቀጡ የሚሰበሰብባቸው ሁለቱ ዋና ከተሞች ሆኑ።

ከደጋው የሚወርደው በተለይ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና በመጀመሪያው ዘመን የዝሆን ጥርስ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣው ደግሞ ጨውና የጥጥ ጨርቅ ነው። ከጎሬ አዲስ አበባ ለመድረስ የበቅሎ ጉዞው ሳምንታት ስለሚወስድና የጅቡቲው ባቡርም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ለኢሉባቦር ቡና በጥቂት ቀን ጉዞ የሚገኘው የጋምቤላ ወደብ እጅግ የቀረበ በር ነበር።

ነጋዴዎችና ቆንስላ

ንግዱ የግሪክ፣ የሶርያ፣ የአርመንና የህንድ ነጋዴዎችን ወደ ጎሬና ወደ ጋምቤላ ሳበ። የአገሩ ነጋዴዎችና ነጋድራሶችም ከእነርሱ ጎን ይሠሩ ነበር። እንግሊዝ በምዕራብ ኢትዮጵያ ያለውን ንግድና የወሰን ጉዳይ የሚከታተል ቆንስላ በጎሬ አቋቁማለች። ከቆንስሎቹ አንዱ የነበሩት ክሬቨን ዎከር ስለ ኢትዮጵያውያን የዕለት ኑሮ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1933 ታትሟል።

የከተማዋ ቅርጽ በዚህ ዘመን ሁለት ምሰሶ ነበረው። አንዱ ግብርና ሹመት የሚወጣበት የገዢው ግቢ ነው፤ ሁለተኛው ብርና ሸቀጥ የሚዞርበት የነጋዴው ሰፈር። ሁለቱም ከሌላ ቦታ በሚመጣ ነገር ላይ የቆሙ ነበሩ፦ ግቢው ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሹመት፣ ሰፈሩ ከካርቱም በሚመጣ መርከብ።

ጊዜያዊው መንግሥት (1928–1929 ዓ.ም.)

ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ስደት ሲሄዱ፣ የመንግሥቱ ቅሪት ወደ ጎሬ ተዛወረ። ቦታው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከጠላት ጦር የራቀና በጋምቤላ በኩል ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኝ በር ያለው ነበር። መንግሥቱን በመጀመሪያ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ መሩ። ቀጥሎም ከሽሬ ግንባር ተነሥተው በጎጃም በኩል የመጡት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆኑ።

በዚያው ወቅት በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ወጣቶችና ሌሎች ምሁራን የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮም ከተገደሉት መካከል ነበር። ማኅበሩ በኋላ ራስ እምሩ እንዲመሩት ጠየቀ፤ እርሳቸውም ተቀበሉ።

የጎሬ መንግሥት ግን ድጋፉ ጠባብ ነበር። በገባር ሥርዓት የተማረረው የአካባቢው ሕዝብ ግቢውን ለመከላከል የሚነሣበት ምክንያት አነስተኛ ነበር። በምዕራብ ያሉ የኦሮሞ ባላባቶችም በጎሬ በነበሩት የእንግሊዝ ቆንስል በካፒቴን ኤርስኪን በኩል፣ አገራቸው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንዲሆን ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ብለው ነበር። የኢጣሊያ ጦር ኅዳር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎሬን ያዘ። ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣሊያ ተወስደውም በፖንዛ ደሴት ታሰሩ።

በምዕራቡ የኢጣሊያ አገዛዝ ያበቃው በ1933 ዓ.ም. ነው። ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣው ጦር በጋምቤላ በኩል ገፍቶ፣ ጄኔራል ጋዜራ በሰኔ መጨረሻ ሰዮ ላይ እጁን ሰጠ።

ከነጻነት በኋላ

ጎሬ ከነጻነት በኋላም የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆና ቀጠለች። ሁለቱ ምሰሶዎች ግን በተራ ወደቁ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ በ1894ቱ ውል መሠረት የጋምቤላ ጣቢያ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የወንዙ ንግድም ቀስ በቀስ ተዳከመ፤ ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የመኪና መንገድ አዞረ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የአስተዳደሩ መቀመጫ ወደ መቱ ተዛወረ። መቱ ዛሬ የዞኑ ዋና ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የመቱ ዩኒቨርሲቲም የሚገኘው በዚያው ነው።

ከሌሎች ታሪካዊ ግቢዎች ጋር ሲነጻጸር

በምዕራብ ኢትዮጵያ በደንብ የቆዩት ሁለት ግቢዎች በጅማ አቅራቢያ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና በነቀምቴ ያለው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ናቸው። ሁለቱም ለምኒልክ እየገበሩ አገራቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ የተፈቀደላቸው ባላባቶች ቤቶች ነበሩ፤ ቤቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። በጎሬ ግን ገዢው የሚሾምና የሚሻር ነው። ሹመቱ ሲነሣ ሰውየው ከነአሽከሩ ይሄዳል፤ ተተኪው የራሱን ቤት ይሠራል። ቤቱን እንደ ርስት የሚጠብቅ ትውልድ አልነበረም።

ከውጭ አገር ለማነጻጸሪያ የሚጠቅመው የኢጣሊያዋ ወደብ ጄኖቫ ነው። በዚያ ከእ.ኤ.አ. 1550 ጀምሮ «አዲሱ መንገድ» ተብሎ በተቀየሰው፣ ዛሬ የጋሪባልዲ ጎዳና በሚባለው አጭር መንገድ ላይ ባለጸጋ ቤተሰቦች ቤተ መንግሥቶቻቸውን ጎን ለጎን ሠሩ። የጄኖቫ ሬፑብሊክ የራሱ የእንግዳ መቀበያ ቤተ መንግሥት ስላልነበረው፣ ከእ.ኤ.አ. 1576 ጀምሮ «ሮሊ» በሚባሉ መዝገቦች ቤቶቹን በየደረጃቸው ጻፈ፤ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ከተመዘገቡት አንዱ እንዲያስተናግድ ይታዘዛል። ሠዓሊው ሩበንስ የእነዚህን ቤቶች ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1622 አሳተመ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከመካከላቸው 42ቱን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ መነሻ የሆነው ያው የድሮ መዝገብ ነበር።

እንግዳን መቀበል በሁለቱም ቦታ የቤቱ አንዱ ሥራ ነበር፤ በጄኖቫ በመዝገብ፣ በጎሬ በግብርና በአዳራሽ። ልዩነቱ ከድንጋይና ከጭቃ ብቻ የመጣ አይደለም። የጄኖቫ ቤት ባለቤትና መዝገብ ነበረው፤ የጎሬ ቤት ተሿሚና ትዝታ። የጄኖቫ ስም በኢትዮጵያም አካባቢ ታሪክ ይነሣል፦ እ.ኤ.አ. በ1869 የአሰብን ባሕር ዳር ለመግዛት የተዋዋለው የሩባቲኖ መርከብ ኩባንያ የጄኖቫ ነበር፤ ቦታው በኋላ ወደ ኢጣሊያ መንግሥት ተላልፎ የቅኝ ግዛቱ መነሻ ሆኗል።

ጎሬን ለሚጎበኝ

ከአዲስ አበባ በጅማ ወይም በነቀምቴ በኩል በደሌን አልፎ መቱ ይደረሳል፤ ከመቱ ጎሬ የአጭር ጊዜ መንገድ ነው። ከጎሬ አንዱ መንገድ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ፣ ሌላው በማሻ በኩል ወደ ቴፒ ይሄዳል። ለጉዞ የሚመቸው ዝናብ የሚቀንስበት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው።

የከተማዋን ታሪክ ለመረዳት ጉብኝቱን ከከፍታው መጀመር ይጠቅማል። ከላይ የገዢው ግቢ የቆመበትን ቦታ አቀማመጥ ማየት፣ ከዚያም ወደ ገበያው መውረድ፣ በመጨረሻም የምዕራቡን መንገድ ይዞ ወደ ቡሬ መሄድ ሦስቱን የታሪክ ንብርብሮች፦ ሹመቱን፣ ንግዱንና ወደቡን በተራ ያሳያል። በአቅራቢያው ያለው የሶር ፏፏቴና እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን የጎሬን ንግድ የመገበውን አገር ያሳያሉ።

ለተማሪዎች ጎሬ የምርምር ቦታም ናት። የቀሩትን የቆዩ ቤቶች ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ልካቸውን መውሰድና የአዛውንቶችን ቃል መመዝገብ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በየክረምቱ በዚያ መጠን በሚዘንብበት አገር ጭቃ ቤት ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው የተጻፈው ብቻ ነው።