ነፋስ የሚወስደው ውሃ፤ በሐረር ዙሪያ ማሳዎች የዛፍ ከለላ ጥቅም

የሐረር ገበሬ ስለ ውሃ ዋጋ ነጋሪ አያሻውም፡፡ ከተማው ለብዙ ዓመታት የሚጠጣውን ውሃ ያገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፡፡ ይህ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ፡፡ ለመስኖ በሞተር የሚሳበው ውሃ መብዛት፣ ከተራቆተው ተዳፋት የወረደው ደለል እና ትነት ተባብረው ያደረሱት ጉዳት ነው፡፡ በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ቢታይም ትምህርቱ ሊዘነጋ አይገባም፡፡ ስለዚህ ማሳ የደረሰውን ውሃ ነፋስ እንዳይወስደው የዛፍ ከለላ እንዴት እንደሚረዳ ከዚህ በታች እንገልጻለን፡፡

ነፋስ ውሃን እንዴት ይወስዳል?

ከእርጥብ አፈርና ከቅጠል የሚወጣው እንፋሎት በላያቸው ስስ የሆነ እርጥብ አየር ይፈጥራል፡፡ ነፋስ ይህን ጠርጎ በደረቅ አየር ሲተካው ትነቱ ይጨምራል፡፡ የታጠበ ልብስ ነፋስ ባለበት ቶሎ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ በበጋ በመስኖ የለማ የሽንኩርትና የድንች መደብም እንዲሁ ቶሎ ይደርቃል፡፡

ከለላው እስከ የት ይደርሳል?

ነፋስን ተሻግሮ የተተከለ የዛፍ ረድፍ ከኋላው ከቁመቱ 10 እስከ 20 እጥፍ ለሚሆን ርቀት የነፋሱን ኃይል ያበርዳል፡፡ ዛፉ 5 ሜትር ቢሆን ከ50 እስከ 100 ሜትር ማለት ነው፡፡ በደንብ በተጠለለው ክፍል ትነቱ እስከ ሩብ ያህል ሊቀንስ ይችላል፡፡

ከለላው ግን ድፍን መሆን የለበትም፡፡ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ ከተማውን ከጠላት ጠብቋል፤ ለሰብል ግን ድፍን ግንብ አይበጅም፡፡ ነፋሱ በላዩ ዘሎ ከኋላው እየተሽከረከረ ይወርዳልና፡፡ ግማሽ ያህሉን ነፋስ የሚያሳልፍ ረድፍ ይሻላል፡፡

ሰብሉ የሚጠጣው ውሃ ያንሳልን?

ሁልጊዜ አያንስም፡፡ የተጠለለ ሰብል ቶሎ ስለማይጠወልግ ቅጠሉ ይሰፋል፤ በመጨረሻም የወሰደው ውሃ ካልተጠለለው ጋር ሊተካከል ይችላል፡፡ ልዩነቱ በዚያው ውሃ የበለጠ ምርት መገኘቱ ነው፡፡

ዛፉም ይጠጣል

ይህን መሸሸግ አይገባንም፡፡ በዛፉ አጠገብ፣ ቁመቱን በሚያህል ርቀት ውስጥ ያለ ሰብል ይቀጭጫል፡፡ ስለዚህ፤

1. ባሕር ዛፍ ከመስኖ ማሳ አጠገብ አትትከሉ፡፡ ግራቪሊያና ሰስባንያ ይመረጣሉ፡፡
2. በረድፉና በሰብሉ መካከል ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍራችሁ ወደ ማሳ የሚሄደውን ሥር ቁረጡ፡፡
3. በምሰሶ ላይ ጨርቅ አስራችሁ በበጋ ነፋሱ የሚበዛበትን አቅጣጫ ለዩ፤ ረድፉም ያንን አቋርጦ ይተከል፡፡
4. በረድፉ መካከል ክፍተት አይኑር፤ ነፋሱ በዚያ በኩል ተጠራቅሞ ይበረታል፡፡

በሐረርጌ ደጋ ገበሬው ጠብቆ ያቆየውን ገርቢም አትቁረጡ፡፡ ክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል፤ ጥላው በሚያስፈልግበት ወቅት ይገኛል ማለት ነው፡፡

ማሳው ጠባብ ለሆነበት ገበሬ አንድ ረድፍ መሬት መስጠት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፡፡ ስለዚህ ጎረቤታሞች ተማክረው በወሰን ላይ አንድ ወጥ ረድፍ ቢተክሉ ጉዳቱን ተካፍለው ጥቅሙን በጋራ ያገኛሉ፡፡

ለማመን የሚቸገር ቢኖር ሁለት እኩል ጣሳዎችን በውሃ ሞልቶ፣ ሁለቱም ፀሐይ እንዲያገኛቸው አድርጎ፣ አንዱን ከአጥር ከለላ ሌላውን ከሜዳ ያኑር፡፡ ከሦስት ቀን በኋላ የጎደለውን በእንጨት ለክቶ ያስተያይ፡፡ ከሜዳው ጣሳ በብልጫ የጎደለው፣ ነፋስ ከማሳው የሚወስደውን ውሃ ያሳየዋል፡፡